ጎል ማግባቱን ትተው መንገድ የጠረጉት ይድነቃቸው ተሰማ

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ባሕር ዳር ላይ ነበር። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ ነው። ከአንበሳሜ ተነስታችሁ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር የምትመላለሱ የደራ ልጆች ቀኗን አትረሷትም፤ 3 ለ 1 ተሸነፍን፣ የእኛን ብቸኛ ጎል ጌታነህ ከበደ አገባ። በነጋታው ስልካችን ላይ የሚዞረው ወሬ ያው የውጤት ወሬ ነበር።

ያን ሰሞን ብዙ ሰው ያላነሳው አንድ ነገር ግን አለ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ማሊያ አሰልፋ ወደ አፍሪካ እግር ኳስ እስክትመለስ ድረስ 35 ዓመት ውጭ ቆማለች። በሩን ከዘጉትና ቁልፉን ይዘው ከቆሙት ሰዎች አንዱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ስማቸውን የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ይድነቃቸው ተሰማ። ስማቸውን ማወቅና የሠሩትን ማወቅ ግን ለየቅል ነው። ብዙ ወጣት ስለ እሳቸው ብትጠይቁት የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ ይላችኋል፣ እዚያ ላይ ያቆማል።

የአሜሪካኖቹን ፉትቦል በቲክቶክ ያያችሁ ካላችሁ ለነገሬ ይመቸኛል። እዚያ ኳሷን የሚወረውር ኮከብ አለ፣ ተቀብሎ የሚሮጥ ሌላ ኮከብ አለ። ከፊታቸው ደግሞ አምስት ግዙፍ ሰዎች ጎንበስ ብለው ይሰለፋሉ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ኳስ መያዝ አይደለም፤ የሚመጣውን ባላጋራ በደረትና በትከሻ ገፍተው ለጓደኛቸው መንገድ መክፈት ነው። ነጥብ ሲገኝ የሚጨፈረው ለሌላው ነው። የእነሱ ስም የሚጠራው ሲሳሳቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በእኛም የገና ጨዋታ ሩሯን መትቶ የሚያሳልፈው ይወደሳል እንጂ ከፊቱ ያለውን የሚያስለቅቅለትን ማን ያስታውሰዋል? ይድነቃቸው ሁለቱንም ሆነው ያለፉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ጎል አግቢ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 30 ዓመታት ኳስ ሳይነኩ ለሌላው መንገድ ሲከፍቱ ኖሩ። ለእኔ የሚበልጥብኝ ይኼ ሁለተኛው ነው።

የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ ጅማ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በኢትዮጵያ የሸክላ ሙዚቃ ታሪክ ስማቸው ከፊት የሚጠራ፣ በግጥምና በጨዋታ አዋቂነት የታወቁ ሰው። ልጃቸውን የሳበው ግን ኳስ ሆነ። አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባል ቡድን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ።

ጊዜውን አስቡት። ቡድኑ ከተመሠረተ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ከተማዋ በዘር ተከፈለች። የነጭ ሠፈር፣ የጥቁር ሠፈር፤ የነጭ ሲኒማ፣ የጥቁር ሲኒማ። ሜዳውም ከዚህ አላመለጠም። የአገሬው ልጅ ከጣሊያን ቡድን ጋር አይጋጠምም፤ ለብቻው ይጫወታል። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም በጣሊያን ስም ተለወጠ። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው፣ አንድ ተጫዋች ኳስ የሚማርበትን ዕድሜ፣ ያሳለፉት እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። የዘር መለያየት ለእሳቸው በጋዜጣ ያነበቡት የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ እግር ኳስ አስቂኝም አስገራሚም መልክ ነበረው። በ1944 እ.ኤ.አ. (የዓለም አቀፍ ውድድሮችን ዓመት ከዚህ በኋላ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ናቸው። ፎርቲቱዶ የጣሊያኖቹ፣ አራራት የአርመኖቹ፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮቹ፣ አንዱ ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን። የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። በገዛ ከተማህ፣ በገዛ አገርህ ሻምፒዮና አንድ ለአራት! ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ጊዮርጊስ የመጀመሪያ የሻምፒዮናነት ዋንጫውን ያነሳው በ1950 ነው። ዛሬ ደጋፊው ስለ ቡድኑ ሲያወራ ድምፁ የሚወፍረው ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ የሌላ ክለብ ደጋፊዎች እንዳትቀየሙኝ እንጂ።

ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። በሌላ ክለብ ማሊያ አልታዩም። ስለ እሳቸው ሲጻፍ የሚጠቀሰው አኃዝ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። 318 ጎል ዛሬ ቢሆን ስንት ሚሊዮን ያወጣል ብላችሁ እንዳታሰሉ። ያኔ ኳስ ደመወዝ አልነበራትም። ተጫዋቹ ቀን ሥራው ላይ ይውላል፣ ማታ ይለማመዳል፣ እሑድ ይጫወታል። እግር ኳስን ከፍቅር ጋር እንጂ ከገንዘብ ጋር አያይዘው ባለማደጋቸው፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ከዘመኑ ጋር የተጋጩበት ነገር አለ፤ እመለስበታለሁ።

ጫማቸውን የሰቀሉት በ1958 ነው። ልብ በሉ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ገና ተጫዋች እያሉ፣ የአፍሪካን እግር ኳስ የመሠረተው ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ነገሩ የተጠነሰሰው በ1956 ሊዝበን ላይ ነው፤ የፊፋ ጉባኤ ሲደረግ ከአፍሪካ የመጡት ተወካዮች ለብቻቸው ተቀምጠው የራሳቸውን ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም ተስማሙ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም፣ ነጭ ዓባይ ከጥቁር ዓባይ በሚገናኝበት ከተማ፣ ግራንድ ሆቴል ውስጥ ካፍ ተወለደ። የጣና ዳር ልጆች ሆይ፣ የእናንተው ውኃ ነው እዚያ የሚያልፈው። ይድነቃቸው የድርጅቱ መሥራች ከሆኑት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ደንቡን በማርቀቅም እጃቸው አለበት።

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ነው። አራት አገር፣ ሁለት የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ፣ አንድ ፍጻሜ። ኢትዮጵያ የደረሳት ደቡብ አፍሪካ ነች። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እልካለሁ አለ፤ ቅልቅል ቡድን የአገሬ ሕግ አይፈቅድልኝም ነው ነገሩ። ሦስቱ አገሮች እንቢ አሉ። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ድርጅቱ የተወለደው ገና አሁን ነው። አባላቱ አራት ናቸው። አንዱን ስታስወጣ ሩብ ድርጅትህን አስወጣህ ማለት ነው። ገንዘብ የለም፣ ውድድሩ ሊበላሽ ይችላል። ለአንድ ጊዜ እንለፈው፣ ሲጠነክር እንነጋገራለን ማለት ለሁሉም ይቀል ነበር። አላሉም።

በዚህ የተነሳ ኢትዮጵያ ግማሽ ፍጻሜውን ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ዕድል ነው ብላችሁ ከሆነ፣ ዕድሉ እዚያ ላይ አበቃ። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በሁለተኛው ውድድር፣ በ1959 ካይሮ ላይም አልቀናንም። ግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ ሱዳን 1 ለ 0።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝም ይድነቃቸው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ፍጻሜው የተደረገው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ነው። ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፈን ነው ለዚህ የደረስነው። ባላጋራችን ያው ግብፅ ናት፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባላለች። ባደዊ በ35ኛው ደቂቃ አገባብን። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ተነስቶ ሳይቀመጥ፣ በ75ኛው ባደዊ ደገመን። በዚህ ጊዜ ስንቱ ሰው ልቡ ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆን! መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ካፒቴኑ ሉቺያኖ ቫሳሎ ደረሰ፤ 2 ለ 2። በጭማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫውን ንጉሡ ለሉቺያኖ አስረከቡ። ከአስመራ የመጡ ወንድማማቾችና የጎንደር ተወላጁ መንግሥቱ ያስገኙት ይህ ዋንጫ እስካሁን ብቸኛችን ነው። በአሰልጣኝነት መዝገብ የተጻፈው ስም ደግሞ የአገር ልጅ ስም ነው።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ እንኳ በቂ ነበር። ትልቁ ሥራቸው ግን ገና አልተጀመረም።

በዚያ ዘመን የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ምን ማለት እንደነበር ላስረዳችሁ። ከአፍሪካ የዓለም ዋንጫ የተጫወተችው ግብፅ ብቻ ነበረች፣ እሷም በ1934። ለ1962ቱ ውድድር ሞሮኮ አፍሪካን አሸንፋ ስትወጣ፣ አልፈሻል አልተባለችም፤ ከስፔን ጋር ተጋጠሚ ተባለች። ተሸነፈች፣ ቀረች። ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ፊፋ ያወጣው ደንብ ደግሞ ይብስ ነበር። 16 ቦታ አለ። ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላው የተመደበው አንድ ቦታ ነው። አንዱን ቦታ ሦስት አህጉር ይሻማበት! የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያው አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት። ይህ በሆነበት ጊዜ እኮ በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጥተዋል፤ ፊፋ ውስጥም በየዓመቱ አዳዲስ አባላት ይገቡ ነበር።

የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ተሰማ ተቃውሞውን ከፊት ሆነው መሩት። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ ለአፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ። ፊፋ አልሰማም። ስለዚህ በማጣሪያው የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ተጠቃለው ወጡ። የተሻማበት ቦታ ለሰሜን ኮሪያ ደረሰ። በ1966 የአፍሪካ ቡድን የሌለበት የዓለም ዋንጫ ተካሄደ።

ይህ ውሳኔ ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ዋጋውን የከፈሉትም ባለሥልጣናት ሳይሆኑ ተጫዋቾች ናቸው። ጋና በ1963ና በ1965 የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች። ያ ቡድን የዓለም ዋንጫን ሳያይ አረጀ፤ ጋና የዓለም ዋንጫ የገባችው ከ40 ዓመት በኋላ በ2006 ነው። መንግሥቱ ወርቁና ጓደኞቹም በጉልበታቸው ሰዓት ላይ ነበሩ። ያልፉ ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን የመሞከር ዕድላቸው ሄደ። በ23 ዓመት ተጫዋችነት ያለፉ ሰው፣ የአንድ ተጫዋች ዕድሜ ምን ያህል አጭር እንደሆነች ጠፍቷቸው አይደለም ይህን ያደረጉት። እኔ ትክክል ነበሩ ባይ ነኝ፤ ሆኖም ለዚያ ትውልድ ተጫዋች ፊቱ ቆሜ ይህን ለመናገር አፌ ይያዛል።

ውጤቱ ሁለት ዓመት አልፈጀም። ከ1970 ጀምሮ ለአፍሪካ አንድ ቋሚ ቦታ ተሰጠ፣ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። በ1974 ዛየር ሄደች። ከ1982 ጀምሮ ቦታው ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች፣ ካሜሩን ሦስት ጨዋታ ተጫውታ ሳትሸነፍ ተመለሰች። በ1986 ሞሮኮ ከምድቧ አንደኛ ወጣች። ለ2026ቱ ዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ነው፤ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ኬፕ ቨርዴ እንኳ አልፋለች። ቁጥሩን ስታዩት ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዋ አንዷ ቦታ ናት ከባዷ።

በዚሁ መሀል የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ይብላላ ነበር። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1961 አገደ። የፊፋ ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ነበሩ፤ ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም የሚሉ ሰው። በ1963 ደቡብ አፍሪካ ሄደው ጎበኙና እገዳው እንዲነሳ አደረጉ። ለአፍሪካውያኑ ይህ ጥፊ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በቶኪዮው ጉባኤ የአፍሪካና የእስያ አገሮች በድምፅ ብልጫ እገዳውን መለሱት። በ1976 ደቡብ አፍሪካ ጭራሹኑ ከፊፋ ተባረረች።

ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም የሚለው ነገር ዛሬም ሲባል እንሰማለን። ይድነቃቸው ግን በ14 ዓመታቸው የገቡበትን ቡድን ስም ሌሎች ሲቀይሩት ያዩ ሰው ናቸው። ሜዳውን በዘር የከፈለው ማን ሆነና ነው ከፖለቲካ ይለይ የሚባለው?

ፊፋ ውስጥ ድምፅ የሚቆጠረው በአገር ነው። ብራዚልም አንድ፣ ኢትዮጵያም አንድ። ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው በደንብ የተጠቀሙበት ይህንን ነው፤ ገንዘብም ኮከብም የሌለው አህጉር አብሮ እጁን ካነሳ ማንም አይዘልለውም። በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍራንክፈርት ላይ የፊፋ ምርጫ መጣ። በአንድ በኩል ራውስ፣ በሌላ በኩል ብራዚላዊው ዣዎ ሃቬላንጅ፤ አፍሪካን ዞረው የቀሰቀሱ፣ ተጨማሪ ቦታ ቃል የገቡ፣ ደቡብ አፍሪካን ላለመመለስ የተስማሙ። በሁለተኛው ዙር 68 ለ 52 ሃቬላንጅ አሸነፉ። ያለ አፍሪካ ድምፅ ይህ አይሆንም ነበር።

ነገር ግን ሃቬላንጅ ይዘውት የመጡት ሌላም ነገር ነበር። የትልልቅ ኩባንያዎች ስም፣ ማስታወቂያ፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ። ያለ ደመወዝ 318 ጎል ያገቡት ሰው ይህ ነገር አላማራቸውም። በተለይ የሚያንገበግባቸው የተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መጉረፍ ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ ላይ አንድ አገር ከውጭ አገር ክለብ ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነው የሚል ደንብ እስከ 1982 ድረስ ሠርቷል፤ የአፍሪካን ሊጎች ለመጠበቅ ነው። ዛሬ ብትሉት ሳቅ ነው። የሴኔጋልን ወይም የሞሮኮን አሰላለፍ ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ሁለት ብቻ ተዉ ቢሏችሁ ማን ይቀራል? እዚህ ላይ ዘመኑ ጥሏቸው ሄደ። ፍርሃታቸው ግን ባዶ አልነበረም፤ የአገር ውስጥ ሊግ ሜዳ ባዶውን ሆኖ እኛ የእንግሊዝ ክለብ ማሊያ ለብሰን የምንከራከረው ለምን ሆነና።

አገር ቤት የነበረው ኑሮም ቀላል አልነበረም። ፕሬዚዳንት የሆኑት በንጉሡ ዘመን ነው፤ በሁለተኛ ዓመታቸው አብዮት ፈነዳ። ሥርዓቱ ተለወጠ፣ ስንቱ ሹም ወኅኒ ወረደ። እሳቸው በካፍ መንበር ላይ ቆዩ፣ የካፍ ጽሕፈት ቤት ካይሮ፣ ፕሬዚዳንቱ የኢትዮጵያ ሰው። በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ፣ ሞሮኮ ወሰደችው። ከ1971 ጀምሮም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ። በዚያው በ1976 አፍሪካውያን የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ጥለው ወጡ፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ነው። ምሩጽ ይፍጠር ያን ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ቀረ። ያው የ1966ቱ ሒሳብ ነው፤ መርሑ ትክክል፣ ከፋዩ ስፖርተኛ። ምሩጽ አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አመጣ። ሁሉም ግን ምሩጽ አይደለም።

ይድነቃቸው ካፍን 15 ዓመት መሩ። ሲጀመር ሦስት አገር የቀረበት ድርጅት፣ በእሳቸው ዘመን መላውን አህጉር ያቀፈ ሆነ። የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ በ1975፣ የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና በ1979 ተጀመሩ። ስለ እነዚህ ብዙ አልልም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። የደብረ ታቦር በዓል ዕለት ነው፤ እናንተ አገር ጅራፍ የሚጮኽበት፣ ሙልሙል የሚታደልበት ቀን። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ሄዱ። 66ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነበር።

ኔልሰን ማንዴላ ከእስር ሲፈቱ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ በ1992 ስትመለስ፣ በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ ደግሳ ስትወስድ፣ ማንዴላ ራሳቸው ማሊያ ለብሰው ሜዳ ሲገቡ አላዩም። በ2010 የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ምድር ሲመጣ፣ ያውም ደቡብ አፍሪካ፣ አላዩም። ያላዩት መጥፎ ነገርም አለ። ከካርቱሙ መሥራቾች አንዷ የሆነችው አገራቸው ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ራቀች። ከባሕር ዳሩ ጨዋታ በኋላም ካፍ ሜዳዎቻችን መስፈርት አላሟሉም ብሎ፣ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ ለዓመታት ሰው አገር እየሄደ ሲጫወት ኖረ። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንባት ያቺ የ2022 ጨዋታ እንኳ የእኛ ሜዳ ተብላ የተደረገችው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው።

ከ31 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2013 ነው። አዘጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያው ጨዋታ ኔልስፕሩይት ከተማ፣ የወቅቱ ሻምፒዮን ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ነው። ቀኑ ጥር 13 ነበር፣ ይድነቃቸው ዋንጫ ካነሱበት ቀን 51 ዓመት ሞልቶት። ደቡብ አፍሪካ ሠርተው የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሰው ስታዲየሙን ሞሉት። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ጎል ተቆጠረብን። ከዕረፍት በኋላ፣ በአሥር ሰው፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ።